የመጠበቂያ ሜዳ ወንፈል

ማዘጋጃ ቤት መሬት ሰጠ ሲባል መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እኛ የምናውቀው ማዘጋጃ ቤት ይለካል፣ ችካል ይተክላል፣ ከርሞ ያንኑ ችካል ይነቅላል፤ ሲሰጥ አይተነው አናውቅም። ስለዚህ ፊልጶስ የሚባለው ወጣት ባለሙያ በሰፈር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ነዋሪው በቡድን እየተደራጀ በከተማው ባዶ መሬት ላይ አትክልት እንዲያለማ ተፈቅዷል» ሲል፣ ከጎኔ የተቀመጠችውን ረሺዳን ጎሸም አድርጌ «ነገ ደግሞ ዝናቡን በሰልፍ ያድሉናል» አልኳት። ረሺዳ ገበያ ዳር ጨርቅ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። እኔ ስናገር እሷ ትስቃለች፣ እሷ ስትስቅ እኔ እቆጣለሁ፤ እንዲህ እያልን ብዙ ዘመን ኖረናል።

ልጁ ግን የምሩን ነበር። የተፈቀደልን ቦታ ከአሮጌው የእህል መጋዘን ጀርባ ያለው፣ ከብት እንኳ ብዙ የማይውልበት ሜዳ ነው። ስሙ መጠበቂያ ይባላል። ለምን መጠበቂያ እንደተባለ ብጠይቀው ፊልጶስ ስልኩን እየነካካ «ድሮ የአውቶቡስ መጠበቂያ ነበረ መሰለኝ፣ እማማ» አለኝ። እማማ! ጸጉሬ ገና ግማሹ ጥቁር ነው። በእማማው ተናድጄ የመጠበቂያውን ነገር ሳልመረምረው ቀረሁ። እኔ ውባለም ከእስቴ ተድሬ የመጣሁ ነኝ፤ ወደ ነፋስ መውጫ ከተማ ያመጣኝ ባሌ ነው፤ እሱ ሞቶ እሷ ቀረችልኝ። ልጅ አልወለድንም። የከተማዋን የድሮ ነገር የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ ያ ሜዳ ሲነሣ ወሬ ይለውጣሉ። ይህን ያስተዋልኩት ግን ኋላ ነው።

ደንቡ ቀላል ነበር። ቤት አትሠሩም፣ አጥር አታጥሩም፣ ዛፍ አትተክሉም፣ ቦታው ለሌላ ነገር ሲፈለግ ያለ ንትርክ ትለቃላችሁ። አራት ሆነን ተደራጀን፤ እኔ፣ ረሺዳ፣ ባጃጅ የሚነዳው ሞላና ደስታ። ደስታ ከስማዳ፣ ከወገዳም አልፎ ካለ ገጠር የመጣች ናት። ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ መሬቱን ተካፍለው እሷን ባዶ እጇን ሰደዷት፤ እኔ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ወጣት ናት፣ እጇ አያርፍም፣ ስትስቅ ግቢው ይነቃል። ልጅ ለሌላት ሴት እንዲህ ያለች ተከራይ ምን ማለት እንደሆነች ማስረዳት አልችልበትም። ወድጃታለሁ፤ በቃ።

መሬቱ ዶማ ነክቶት የማያውቅ፣ የሣሩ ሥር እርስ በርሱ የተቆላለፈ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ቢታገለው ወገቡ ይቀራል። ስለዚህ ወንፈል ገባን፤ ዛሬ ሁላችን የአንዱን፣ ነገ ሁላችን የሌላውን። ወንፈል ከደቦ ይለያል። ደቦ የጠራ ሰው አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል። ወንፈል የጠራ ግን የወሰደውን ቀን በቀን ይመልሳል፤ ራሱ ባይችል ምትክ ይልካል። የሰው ቀን በልቶ የቀረ ከሰው ቁጥር ይወጣል። ይህን የማያውቅ የጋይንት ሰው የለም፤ ሞላ እንኳ ያውቀዋል።

የእኔ ተቆፈረ፤ የረሺዳም ተቆፈረ፤ የሞላም፣ እሱ ግማሹን ቀን በስልክ ሲያወራ፣ ተቆፈረለት። የደስታ ዕጣ ጥጉ ላይ፣ ኮሸሽላው እሾኹን አንጨፍርሮ ከቆመበት ወገን ነበር። የእሷ ተራ በደረሰ ቀን ጠዋት የሞላ አጎት ዐረፉና ሰፈሩ ሁሉ ወደ ለቅሶው ነጎደ። ደስታ ማለዳ ዶማዋንና ቆሎዋን ይዛ ወጥታ ስለነበር የነገራት የለም። እኛም መርዶውን ሰው ይነግራታል እየተባባልን በግርግሩ ረሳናት።

ከቀብር ስመለስ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስትታጠብ አገኘኋት።

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። «ግን ሰዎቹን ልከው እርስዎ መቅረትዎ ደስ አላለኝም።»

«የምን ሰዎች?»

«የላኳቸው ናቸዋ! ጨርሰውልኝ ሄዱ።»

እኔ የላክሁት ሰው እንደሌለ ስነግራት ፈገግ አለች፤ የምቀልድ መስሏታል። ነገሩን አንድ በአንድ አስወጣኋት። ጠብቃ ጠብቃ ማንም ሲቀርባት ብቻዋን ጀመረች። ቀትር ላይ መዳፏ ቆስሎ፣ እልህ ይዟት፣ ቀና ብላ እንደ አገሯ ተጣራች። እነሱ ዘንድ ወንፈል ያነሰው ሰው ማሳው ላይ ቆሞ ይጣራል፤ የሰማ ይመጣለታል። «ወንፈል ግቡልኝ! ብድር በምድር ነው!» አለች፤ ደግማ ደጋግማ። ያን ጊዜ ከኮሸሽላው በኩል ሰዎች መጡ፤ ወንድም ሴትም። መቆፈሪያ የያዘ ነበር፣ በእጁ የሚምስም ነበር። አንድ ቃል አልተናገሩም። ቆሎዋን ብትዘረጋላቸው አልቀመሱም፤ እየዘገኑ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ሲሄዱ አንዲት ሴት ብቻ ዞር ብላ «እንጠራሻለን» አለቻት።

«ፊታቸውን አየሽው?»

«ፀሐዩ አጭበረበረኝ እትዬ። የለቅሶ ሰዎች ይመስላሉ፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበር።»

ቀትር ላይ በባዶ ሜዳ ጮኾ መጣራት እንደማይገባ እናቴ ነግራኛለች፤ የሁላችንም እናት ነግራናለች። ቢሆንም ሰው ይሆናሉ አልኩ። ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጡ ይሆናሉ፣ የለቅሶ እንግዶች ይሆናሉ፣ ብቻ የሆነ ሰው ይሆናሉ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ አራታችንም ሄደን አየነው። መሬቱ በጠባብ በጠባቡ፣ በረዥም በረዥሙ ተቆፍሮ ጎን ለጎን ተደርድሯል። አፈሩ እንደ ዱቄት ላልቷል፤ ድንጋዩ ተለቅሞ በየመደቡ ጫፍ ተከምሯል። ሞላ «ይሄ ኤክስካቫተር ነው እንጂ ሰው አይደለም!» ብሎ ፎቶ ሊያነሣ ስልኩን አወጣ። ረሺዳ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ አለች።

«ውቤ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ይኼ የእናንተን መቃብር አይመስልሽም? የኛ ወላሂ እንዲህ አይዞርም።»

አየሁት። ሁሉም ራስጌው ወደ ምዕራብ፣ ግርጌው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ሙት ሲነሣ ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ እንዲሆን እንደምናደርገው። ርዝመቱም የሰው ቁመት ነው። አጠር አጠር ያሉም ነበሩበት። «አፍሽን ዝጊ!» አልኳት፤ እኔ ስፈራ እቆጣለሁ። ደስታ መሀሉ ላይ ጎንበስ ብላ፣ እያንጎራጎረች፣ የድንች ዘሯን ትተክል ነበር።

ድንቹ ጉድ አደረገን። የእኛ ገና ከአፈር ብቅ ሲል የእሷ ጉልበት ደረሰ፤ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ መሬቱን ሸፈነው። ፊልጶስ አለቆቹን እያመጣ አስጎበኘ፤ «ሞዴል ቡድን» ተባልን። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ደስታ ግን ድንቹ ባደገ መጠን ከሳች።

ቀትር ሲሆን የያዘችውን ጉርሻ ወደ ሞሰቡ መልሳ ትነሣለች። ወዴት ነው ስላት «ጠሩኝ» ትላለች። ስትመለስ ጥፍሯ አፈር ሞልቶ፣ የጣቶቿ ጫፍ ደምቶ ይሆናል። እህል ቀስ በቀስ ተወች። ሣቋም ቀረ፤ ግቢው ጭር አለ። ጠበል ወሰድኳት፤ ጸሎቱ እንዳለቀ ውሃው ከጸጉሯ ሳይደርቅ ወደ ሜዳው ሄደች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ደም ማነስ ነው ብለው ኪኒን ሰጡን። ኪኒኑን እሺ ብላ ትውጣለች፤ ቀትር ሲሆን ትነሣለች።

«ደስታ፣ ትሞቻለሽ እኮ!» አልኳት አንድ ቀን፣ የክንዷን አጥንት በመዳፌ ይዤ።

«የሰው ቀን በልቼ እንዴት ልቅር እትዬ?» አለችኝ። «እነሱ ብዙ ናቸው፤ እኔ አንድ ነኝ። ብጨርስማ ዐርፍ ነበር።»

«ምን ስትሠሪላቸው ነው የምትውዪ?»

«እቆፍራለሁ።»

«ምኑን?»

«ያሳዩኝን ነዋ» አለች፤ ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኋት ሁሉ።

በነጋታው በሯን ከውጭ ቆለፍኩባት። ታልቅስ፣ ትስደበኝ ብዬ ልቤን አደነደንኩ። ቀትር ሲደርስ አላለቀሰችም፣ በሩንም አልደበደበችም። ጆሮዬን በሩ ላይ ባደርግ የሚፋቅ ነገር ሰማሁ። የቤቱን ወለል በጣቶቿ እየማሰች ነበር። እያለቀስኩ ከፈትኩላትና አብሬያት ሄድኩ።

ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። እዚህ ቆርቆሮ ሲንኳኳ፣ የሱቅ ሸራው ሲርገበገብ፣ ባሕር ዛፉ ሲጮኽ ነው የሚዋለው፤ ነፋስ ካልነፈሰ ሰው ጆሮውን ይጠረጥራል። የሜዳው ጥግ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ቆመ። የኮሸሽላው ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም። ደስታ ከእጄ ወጥታ እሾኹ ሥር ተንበረከከችና መማስ ጀመረች። እኔ ልጎትታት ጎንበስ ስል ከዓይኔ ጥግ አየኋቸው።

ተቀምጠዋል። በረድፍ በረድፍ፣ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ መጋዘኑ በር አዙረው። አንድ ሽማግሌ አገጩን በበትሩ ላይ አስደግፏል። እናቶች የታቀፉት ነገር አለ፤ የታቀፉት ነገር አያለቅስም። ጥላ ነበራቸው ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ ቀትር ላይ ማንስ ጥላ አለው? ከሁሉ የምትቀርበኝ ሴት ፊቷን ሳታዞር፣ ጎረቤት ጎረቤትን እንደሚጠይቅ፣

«ተራ ደረሰ?» አለችኝ።

ምላሴ ታሰረ። የእኔ ምላስ! ደስታን በብብቷ ገብቼ እንደ ጆንያ እየጎተትኩ ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ነፋሱ ፊታችንን መታን፤ እንደዚያ ቀን በነፋስ ተደስቼ አላውቅም።

ደስታን ረሺዳ ዘንድ ጥዬ በቀጥታ ወደ አባ ገብረ መድኅን ሄድኩ። አባ የከተማው ተወላጅ ናቸው፤ የነፍስ አባቴም ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ምነው ልጄ፣ አመድ መስለሻል?»

«መጠበቂያ ከሚሉት ሜዳ፣ ድሮ ምን ነበር የሚጠበቅበት?»

መቁጠሪያቸው ጣታቸው ላይ ቆመ። እሳቸውም ወሬ ይለውጣሉ ብዬ ነበር። አልለወጡም።

«ስንዴ» አሉ።

በሰባ ሰባት አባ ገና ዲያቆን ነበሩ። ከስማዳም ከታች ጋይንትም ሕዝቡ እየተነሣ መጣ፤ በዚያ መጋዘን ስንዴ ይታደላል ተብሎ ነበር። ሜዳው ላይ ተራ ያዙ። ተራቸው እንዳያልፍባቸው ሲታመሙ እንኳ ከቦታቸው አይነሡም። መኪናው ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ሞት ቀድሞ መጣ። አንድ ሰው ብቻውን መቃብር የሚቆፍርበት ጉልበት አልነበረውም።

«እናማ ወንፈል ገቡ» አሉ አባ።

«ምን ገቡ?»

«ወንፈል፣ ልጄ። ዛሬ ያንቺን ልጅ አብሬሽ ልቅበር፣ ነገ የእኔን ባል ትቀብሪልኛለሽ። እንዲህ እየተባባሉ ተቀባበሩ። ብድር በምድር ሲባባሉ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«የመጨረሻዎቹንስ ማን ቀበራቸው?»

«የመጨረሻዎቹማ የሰው ቀብረው ለራሳቸው ቀባሪ አጡ። በኋላ ግሬደር መጣና አፈር መለሰባቸው። ፍትሐት የለ፣ መገነዣ የለ፣ ስማቸውን የጠራም የለ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ብድር በምድር ስንል ውለታ በዚሁ ዓለም ይመለሳል ማለታችን ነው። ደስታ ግን ይህን ቃል የጮኸችው በቀትር፣ ያንን ቃል እየተባባሉ ከሜዳው በታች በገቡት ሰዎች ራስ ላይ ቆማ ነው። የጠራቻቸው እነሱን ነበር፤ የሚችሉትንም ሥራ ሠሩላት። ሌላ አቆፋፈር ረስተዋል።

«ምን ይሻላል አባ?»

«ወንፈላቸውን መመለስ ነው። ብቻዋን ግን አትዘልቀውም። የእነሱን ስትጨርስ የራሷን ትቀጥላለች።»

«ምትክ ቢሆንላትስ? በወንፈል ምትክ ይላካል።»

አባ ቀና ብለው አዩኝ። «ካገኘሽ» አሉ።

ሁሉንም ረሺዳ ሱቅ ሰበሰብኩና ነገሩን ሳላሽሞነሙን ነገርኳቸው። ፊልጶስ ለመሳቅ ሞክሮ፣ በጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ተደግፋ የተኛችውን ደስታን አይቶ ተወው። «እማማ፣ ፈቃዱ ለአትክልት ነው» አለ። «አጥንት ከወጣ ቦታው ይዘጋል። ድንቹም፣ ሽንኩርቱም፣ ቡድኑም እዚያው ላይ ያበቃል። እኔም ከሥራዬ ልባረር እችላለሁ።» ሞላ ደግሞ ሽንኩርቱ ሊደርስ ጥቂት እንደቀረው፣ እሱን ሸጦ ጎማ ሊቀይር እንዳሰበ ተናገረ። «ትንሽ ብንታገሥ፣ እትዬ ውቤ? ሽንኩርቱ እስኪነሣ?»

«ሽንኩርት እንደገና ይተከላል!» ብዬ ጮኽኩ። «ድንችም ይተከላል! ደስታ አፈር ከገባች ትበቅልልኛለች? ብቻዬንም ቢሆን ነገ እቆፍራለሁ፤ የፈራ ቤቱ ይቀመጥ!» ብቻዬን እንደማልሄድ ግን እኔ አውቀዋለሁ።

ረሺዳ ተነሣች። ከመደርደሪያዋ ነጭ አቡጀዲ በጥቅሉ አወረደችና ክንዷ ላይ አድርጋ ቆመች። «በእኛም ቢሆን ሰው ሳይከፈን ከአፈር አይገባም» አለች።

በነጋታው አባ መስቀላቸውንና ጥላቸውን ይዘው ቀደሙን። እኛ ዶማ፣ ረሺዳ አቡጀዲዋን፣ ሞላ «ባጃጄ አጥንት አትጭንም፣ ከወዲሁ ተናግሬያለሁ» እያለ አካፋ ይዘን ተከተልን። ጥቂት ቆይቶ ፊልጶስ መጣ። ይከለክለናል ብዬ ሰውነቴን ስነፋ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ጠቀለለ። «ሪፖርት የምጽፈው ከሥራ በኋላ ነው» አለ።

ደስታ የማሰችውን ተከትለን ቆፈርን። ሩቅ አልነበሩም፤ ግሬደር አፈር የሚቆጥብ ነገር ነው። መጀመሪያ የወጣው የትንሽ ልጅ ነበር። ሞላ አካፋውን ጥሎ ዞር ብሎ አለቀሰ፤ ከዚያ በኋላ ቀልድ የሚባል አልሰማንም። አባ ፍትሐቱን ደገሙ፤ ስም ስለሌላቸው «ስማቸውን አንተ የምታውቀው» እያሉ። ረሺዳ እየቀደደች ታቀብላለች፣ እኔ እጠቀልላለሁ። ነፋሱ ሙሉ ቀን አልነፈሰም። ከጀርባችን ሰው ቆሞ ሲያይ የሚሰማ ነገር ነበር፤ ማናችንም ዞር አላልንም። ባጃጇም ጫነች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትመላለስ ሞላ አንድ ጊዜ እንኳ ጡሩምባ አልነፋም።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የመጨረሻውን አፈር በመቃብራቸው ላይ ስንመልስ ደስታ እጇን አጣጥባ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ ወደ እኔ ቀና አለች።

«እትዬ፣ ራበኝ» አለች።

እዚያው ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ረሺዳ ከጉያዋ ዳቦ አውጥታ ሰጠቻት፤ ደስታ ሁለቱንም ጉንጯን ሞልታ ስትበላ ቆመን አየናት።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ፊልጶስ ፍርሃት አልሆነም። ሪፖርቱን ጻፈ፤ ሰዎች መጡ፣ ተሰበሰቡ፣ ተከራከሩ። እኔም በስብሰባው ላይ ተነሥቼ የምለውን አልኩ፤ እንድቀመጥ ደጋግመው ለመኑኝ። በመጨረሻ የኮሸሽላው ጥግ ተከልሎ መታሰቢያ እንዲሆን፣ የቀረው ሜዳ ግን በአትክልቱ እንዲቀጥል ተፈቀደ። ደስታ ሥጋዋ ተመለሰ። እንዲያውም አሁን አፏም ተመልሷል፤ በኪራይ ሳይሆን በዶሮዎቼ እንጣላለን፤ ጎመኗን ይጭሩባታል።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ግን ከቀብሩ ማግስት ሜዳው ላይ ጥዬው የመጣሁትን ዶማ ልወስድ ተመልሼ ነበር። ማለዳ ልሄድ አስቤ እንግዳ መጥቶ አስቀረኝና ቀትር ሆነብኝ። አልቋል፣ ዐርፈዋል፣ ምን እፈራለሁ አልኩ።

ያቺ «ተራ ደረሰ?» ያለችኝ ሴት ዶማዬ አጠገብ ቆማ ነበር። አሁን አልተቀመጠችም። በአዲስ አቡጀዲ ተጠቅልላለች፤ አቀዳደዱን አወቅሁት፣ የረሺዳ ነው።

«የደስታ አለቀ» አለችኝ። «እሷ ጠርታን ነበር፤ መልሳለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። «እንግዲያው ዕረፉ።»

«እንዴት እናርፋለን? እናንተን አልጠራንም፤ እናንተም አልጠራችሁንም። ዝም ብላችሁ መጥታችሁ ቀን አወጣችሁልን። ብድር አለብን።»

«እኔ ለደስታ ምትክ ነው የገባሁ።»

«የደስታ ብድር የወሰደችውን ቀን ያህል ነበር። የአንቺ ትርፍ ነው።»

«ምሬያችኋለሁ! ሁሉንም ምሬያችኋለሁ!»

«ወንፈል አይማርም» አለችኝ፤ የታች ጋይንት ሴት እንደምትለው፣ ቁርጥ አድርጋ።

ያን ጊዜ ያ የማይረባ ምላሴ ተፈታ። «እንኪያስ ድንቼን ኮትኩቱልኝና እዚሁ ላይ ይለቅ!» አልኳት።

ሴትዮዋ ድንቹን አየችው። ከዚያ እኔን፣ ከራሴ እስከ እግሬ፣ ቁመት እንደሚለካ ሰው አየችኝ። ፊቷ ክፉ አልነበረም። ያዘነችልኝ ይመስላል።

«እኛ የምናውቀው ሥራ አንድ ነው» አለች። «ቀንሽ ሲደርስ ላኪብን።»

ዶማዬን ትቼው መጣሁ። እስካሁንም ሌላ አልገዛሁም፤ የደስታን እዋሳለሁ። ለረሺዳም ለሞላም ለፊልጶስም ይህን አልነገርኳቸውም፤ የእነሱም ትርፍ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ሰው ሌሊት እንዲባንን አልፈልግም። ልጅ የሌላት ሴት ምን እንደምታስብ ታውቃላችሁ። እኔም ለዓመታት ማን ይቀብረኛል፣ ዕድርተኛው ተጣድፎ አፈር መልሶብኝ ወደ ገበያው ሊሮጥ ነው እያልኩ እሰጋ ነበር። ያ ስጋት ቀርቷል። አሁን የምሰጋው ብድራቸውን ለመክፈል ቸኩለው፣ ቀኔ ሳይደርስ፣ ሳልልክባቸው እንዳይመጡ ነው።